የወፍጮው ጌጡ ካፖርት

የረጠበ ሱፍና ላምባ አብረው ሲሸቱ ለእኔ የሚሸተኝ ሰው ነው፤ የሚገደል ሰው። ለምን እንደዚያ እንደሚሆንብኝ ለብዙ ዓመታት በትክክል የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ የሆነውን ነገር፣ ሆነ እያልሁ ለራሴ ስነግረው ከኖርሁት መለየት እያቃተኝ ስለ መጣ፣ ይህን የምጽፈው የገዛ ምስክርነቱን እንደሚመረምር ሰው ሆኜ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርሁት ታሪክ ነው፤ ጡረታ እስክወጣ ያስተማርሁትም ታሪክ ነው። ያየውን ሰው ከሰማው ሰው መለየት ሙያዬ ነበር። «ትዝታ ጠበቃ እንጂ ምስክር አይደለም» እያልሁ በተማሪዎቼ ፊት ስመጻደቅ፣ በውስጤ አንድ ጠበቃ ቆሞ ቀን ከሌት ሲከራከርልኝ እንደ ኖረ ልብ አላልሁም።

ብቸና ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ ባለ አንድ በር የጥንት ዕቃ መሸጫ አለችኝ። ፋኖስ፣ ማሾ፣ የሸክላ ማጫወቻ፣ ባለ ስድስት ባትሪ ሬዲዮ፣ ፊደሏ የወለቀ የጽሕፈት መኪና፣ በእኛ ጊዜ እግሩ መሬት ይጠርግ የነበረ ቤልቦተም ሱሪ፣ ኮሌታው እንደ ወፍ ክንፍ የተዘረጋ ቴትሮን ሸሚዝ ይገኝባታል። አንድ ሕግ አለኝ፤ ዕቃ ይዞ የመጣ ሰው የዕቃውን ታሪክ ካልነገረኝ አልቀበለውም። የነገረኝን ከካርቶን በቆረጥሁት ወረቀት ላይ ጽፌ በክር አስርበታለሁ። ሱቁን የከፈትሁት የድሮ ሰርግ፣ የድሮ ዘፈን፣ የድሮ ፍቅር እሰማለሁ ብዬ ነበር። የሰማሁት ሌላ ነው። መስታወቷ የተሰነጠቀ የግድግዳ ሰዓት ያመጣች ሴት «አባቴን ሲወስዱት ሰዓት ስንት ነው ብሎ ጠየቀ፤ በሰደፍ መቱለት» አለችኝ። ሰዓቷ እስከ ዛሬ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ናት። አንድ ልብስ ሰፊ የእግር መኪናውን ሲሸጥልኝ፣ በአንዲት ሳምንት ሰባት ከፈን እንደ ሰፋባት፣ ሰባተኛው የገዛ ልጁ እንደ ነበረ እየሳቀ ነገረኝ፤ ሳቁ ከልቅሶ የባሰ ነበር። ከየጁቤ የመጣ ሽማግሌ ደግሞ ዝናር ዘረጋልኝ።

«የአጎቴ ነው» አለ። «ገዳዩ ታጥቆት በገበያው ሲዞር ሰባት ዓመት አየነው። በስምንተኛው ወንድሜ ከወገቡ ፈታው።»

«ዝም ብሎ አስፈታው?»

«አይ መምህር! ሰውዬው ከወደቀ በኋላ ነዋ። የሬሳ ቀበቶ ለመፍታት ይቀላል።»

ጎረቤቴ ጸጉር አስተካካዩ ይህን ሁሉ በግድግዳው ይሰማል። «መምህር፣ አንተ የምትነግደው ደም ነው፤ ዕቃው መጠቅለያው ነው» ይለኛል። «አንድ ቀን ይኼ ሁሉ ሙት ተነሥቶ ዕቃዬን መልስ ቢልህ በየት ታመልጣለህ?» አብረን እንስቅ ነበር። የሳቅነው ማንም ለእኔ ብሎ ዕቃ ይዞ እንደማይመጣ እርግጠኛ ስለ ነበርሁ ይሆናል።

ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ ጠዋት ጀምሮ እኩለ ቀን ላይ ባባራበት ቀን፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ማዳበሪያ የያዙ አሮጊት ገቡ። ከሞጣ ለሕክምና መጥተው ልጃቸው ቤት እንዳረፉ ነገሩኝ፤ ስማቸው ወይዘሮ ስመኝ ነው። «ዕቃ ከነታሪኩ የሚቀበል መምህር አለ ብለውኝ ነው» አሉ። ማዳበሪያውን ሲፈቱት ያ ሽታ ወጣ። ሱፉ በዝናብ ርሷል፤ ላምባው ግን ከየት እንደ መጣ እግዜር ይወቅ። ከውስጡ ረጅም ካፖርት ወጣ፤ ደረቱ ላይ መልሕቅ የተቀረጸባቸው የናስ ቁልፎች አሉት። ከስድስቱ አንዱ ጎድሏል።

ቁልፎቹን አወቅኋቸው። ለመቀመጥ በርጩማውን ስስብ ከወደ ገበያው በኩል ተኩስ ተከፈተ።

ይህ በእኛ ከተማ እንግዳ ነገር አይደለም። ማን በማን ላይ እንደሚተኩስ አንጠይቅም፤ ከየት ወደ የት ብቻ እንለያለን። መዝጊያውን ከግማሽ በላይ ወደ ታች አወረድሁ። ጸጉር አስተካካዩ በግድግዳው ወዲያ «ጎንበስ በል መምህር፣ የኛው መንገድ ናት!» ብሎ ጮኸ። አንዲት ጥይት የቆርቆሮውን ጠርዝ ገሽልጣ አለፈች። ወይዘሮ ስመኝንና እኔን አንድ የእንጨት ሳጥን ከለለን፤ መሬት ላይ፣ ትከሻ ለትከሻ ተቀመጥን። ካፖርቱ በጉልበታቸው ላይ ነበር።

«ሞጣን ያውቃሉ?» አሉኝ።

«በመኪና አልፌበታለሁ» አልሁ።

ዋሸሁ። ለምን በዚያ ፍጥነት እንደ ዋሸሁ ያን ጊዜ አላወቅሁም። ሞጣ የመጀመሪያ ምድቤ ነበረች። ከዩኒቨርሲቲ እንደ ወጣሁ፣ አፍሮዬን በእንጨት ማበጠሪያ አንጨብርሬ፣ መጻሕፍቴን በጣውላ ሳጥን አሽጌ፣ ከደጀን በጭነት መኪና ላይ ተጭኜ የገባሁባት ከተማ ናት። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ዳቦ በአምስት ሳንቲም ነበር፤ ወይስ ዳቦው በአሥር፣ ሻዩ በአምስት? ከወፍጮ ቤቱ ማዕዘን ላይ አንዲት ሴትዮ የተቀቀለ ባቄላ በጋዜጣ ጠቅልላ ትሸጥ ነበር፤ ጋዜጣው ላይ ያሉትን መፈክሮች ከባቄላው ጋር እናነባቸው ነበር። የወፍጮው ሞተር ድምፅ ከተማዋን ሁሉ እንደ ልብ ምት ይመታታል። ሲቆም ሰው ሁሉ ቀና ይል ነበር፤ «ጌጡ ምን ሆነ?» ይላል።

ጌጡ የወፍጮው ሠራተኛ ነበር። ቀን ቀን ከቅንድቡ እስከ ጫማው ዱቄት ይለብሳል፤ ማታ ታጥቦ ያን ካፖርት ደርቦ ወደ አውራው መንገድ ብቅ ሲል ሌላ ሰው ነው። ካፖርቱን አንድ ዘመዱ ከወደብ አገር እንደ ላከለት ይነገር ነበር። ባሕር አይቶ በማያውቅ አገር መልሕቅ የተቀረጸበት ቁልፍ ምን ያህል እንደሚያምር ዛሬ ለማስረዳት ይቸግረኛል። በአመድና በሎሚ እያሸ ያበራቸው ነበር። ስንገናኝ «መምህር፣ አንተ ከመጽሐፍ ያነበብኸውን ባሕር እኔ ደረቴ ላይ ይዤዋለሁ» ብሎ ይቀልድብኝ ነበር። እኔም እስቅ ነበር፤ ትንሽም እቀና ነበር። ወደ ከተማዋ ከገባሁ ገና ሦስት ወር ሆኖኝ ነበር፤ ከአከራዬ ከአያ ቢሻውና ከጌጡ በቀር በስም የማውቀው ሰው ብዙ አልነበረም።

ከዚያ የእህል መጋዘኑ ተቃጠለ። ከገበሬው የተሰበሰበ እህል የታጨቀበት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወዲህ ያለ፣ ጣራው ቆርቆሮ የሆነ የግንብ መጋዘን ነበር። ጀምበር ስትጠልቅ ከትምህርት ቤት ስመለስ ላምባ ላምባ የሚሸተውን ጭስ አየሁ፤ በጭሱ ውስጥ ረጅም ካፖርት የለበሰ ሰው ወደ ባሕር ዛፉ ሲሮጥ አየሁ። ሰማያዊ ካፖርት። ሰውዬው ዛፉ ጋ ሲደርስ ዞረ፤ የእሳቱ ብርሃን ፊቱ ላይ ወደቀ፤ ጌጡ ነበር። እንዲህ ነው የማስታውሰው። ይህን ትዕይንት በሕይወቴ ስንት ሺህ ጊዜ እንዳየሁት ልቆጥረው አልችልም፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ጌጡ ይዞራል፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ያየኛል።

በነጋታው የሠፈሩ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰበሰበ። አዲሱ መንግሥት የአያት የቅድመ አያቶቻችንን ሥርዓት ሁሉ ሲያፈርስ አውጫጭኝን ግን ለራሱ አስቀርቶት ነበር። ወጉን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጥፋት ሲፈጸም ያገሩ ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይከበባል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ሦስት ሽማግሌዎች ይመረጣሉ። ሰው አንድ በአንድ እየቀረበ ያየውን በጆሯቸው ይነግራቸዋል። እነሱም ማን እንደ ነገራቸው ላይናገሩ ምለዋልና «ወፍ ነገረችን» ብለው ስም ያወጣሉ። ጠቋሚው ወፍ ነው፤ ወፍን ደግሞ የሚበቀል የለም።

ሁለት ቀን በዝናብ ተቀመጥን። ማንም አልተናገረም። በሦስተኛው ቀን አውጫጭኙን የሚመራው ካኪ ለባሽ ሹም ትዕግሥቱ አለቀና ከመካከላችን እያስነሣ ማስገረፍ ጀመረ። መጀመሪያ አንድ ሸማኔ ተገረፈ፤ ከዚያ ጡቷ ወተት የሚያንጠባጥብ አራስ ሴት በጥፊ ተመታች፤ ከዚያ አከራዬን አያ ቢሻውን ጎትተው አወጧቸው። እኒያ ሽማግሌ ጭቃው ላይ በሆዳቸው ተዘርግተው «በሕግ አምላክ!» ሲሉ ጀርባቸው ላይ አለንጋ ሲያርፍ የሚሰማው ድምፅ እርጥብ ልብስ በድንጋይ ላይ እንደሚወቃ ነበር። ነጠላቸው ቀላ። ያን ጊዜ ተነሥቼ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄድሁ። የሄድሁት አያ ቢሻውን ለማዳን ነው። ይህንንም እንዲህ ነው የማስታውሰው፤ ብርዱንና ረሃቡን፣ ቀጥሎ የሚጎተተው ደግሞ እኔ እንደ ነበርሁ የማስታውሰው ዘግይቶ ነው።

ብዙም አልቆዩ። ከሦስቱ አንዱ ቆመው «ወፍ ነገረችን» አሉ። «ሰማያዊ ካፖርት የለበሰ ነው፤ የወፍጮው ጌጡ ነው፤ ፊቱን አይታዋለች።»

በሕዝቡ መካከል አንድ ጉምጉምታ አለፈ። እኔ የድንጋጤ መስሎኝ ነበር።

ጌጡን ከእህቱ ቤት አመጡት። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ አስቀምጠው እግሩን ወደ ላይ አሰሩትና ውስጥ እግሩን ገረፉት፤ የገረፉትም ሞተሩን ከድንጋዩ ጋር በሚያገናኘው በራሱ የጎማ ቺንጋ ነው። ሞተሩ ያን ቀን ያለ ቺንጋ ባዶውን ይዞር ነበር፤ ጩኸቱን እንዲውጠው ይሆናል ያላጠፉት። እግሩ ተተልትሎ ዱቄትና ደም አንድ ላይ ሲቦካ አየሁ።

«ካፖርቱን የት ጣልኸው?» አለ ባለ ካኪው።

«ሸጥሁት።»

«ለማን?»

«ለመንገደኛ።»

«መቼ?»

«ትናንት፣ ከትናንት ወዲያ... ሸጥሁት አልሁህ እኮ፣ ጌታዬ።»

ካፖርቱን ደብቆታል ተባለ፤ ለፍርድ የፈለጉት ያን ብቻ ነበር። በተቃጠለው መጋዘን ግንብ ላይ አስደግፈው ተኮሱበት። ሦስት ጥይት ነበር። መቆም ስላልቻለ ሁለት ሰዎች ብብቱን ይዘውት ነበርና ሊተኩሱ ሲሉ ለቀቁት፤ ሳይወድቅ ጥይቶቹ አገኙት። እንድናጨበጭብ ታዘዝን። አጨበጨብን። አያ ቢሻው ጀርባቸው ተልቶ ከወር በኋላ ሞቱ፤ ስለዚህ ማንንም አላዳንሁም። የሚቀጥለውን ዓመት ሳልጨርስ ዝውውር ጠይቄ ከሞጣ ወጣሁ።

እስከ ዛሬ በእግሬ ያቆመኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፊቱን አይቻለሁ። መጋዘኑን ያቃጠለው እሱ ነው። ጭካኔው የሌሎች ነው፤ የእኔ እውነት መናገር ብቻ ነው። ፊቱን ያላየሁ ከሆነ ግን ሰው የገደልሁ እኔ ነኝ።

አሁን ከሳጥኑ ጀርባ፣ ጥይቱ በላያችን ሲፋጭ፣ ወይዘሮ ስመኝ ካፖርቱን እንደ ሕፃን እየዳበሱ ታሪካቸውን ጀመሩ።

«የወንድሜ ነው፤ የጌጡ። ወፍጮ ቤት ይሠራ ነበር። ይኼ ካፖርት የሱ ብቻ አልነበረም እኮ፤ የሞጣ ወንድ ሁሉ ካፖርት ነበር። ሚስት ሊያገባ የሚሄድ ይዋሰዋል። ፍርድ ቤት የሚቀርብ ይዋሰዋል። ፎቶ የሚነሣ ይዋሰዋል። እናታችን ‹አንተ ልጅ፣ ካፖርትህ ካንተ ይልቅ አገር አየ› ትለው ነበር። አንድ ሙሽራ እንዲያውም መልሶ ሲያመጣው ኪሱ ውስጥ ግማሽ ዳቦ ረስቷል፤ ጌጡ ‹ሙሽሪትን ግን ከኪሴ አጣኋት› ብሎ ስንት ቀን አሳቀን!»

ሳቁ። በመካከሉ ተኩሱ ጠና፤ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወስደው ጠበቁ፤ ጋብ ሲል ቀጠሉ።

«መጋዘን ተቃጠለ። ወንድሜ ያን ቀን ወባ ጥሎት እኔ ቤት፣ እኔ አልጋ ላይ ሦስት ጋቢ ተደርቦለት ይንቀጠቀጥ ነበር። ላቡን የጠረግሁት እኔ ነኝ። ካፖርቱን ከአራት ቀን በፊት አንድ ሙሽራ ወስዶታል። አውጫጭኝ ሆነ፤ እኔ አራስ ነበርሁ፣ ያም ሆኖ ጎተቱኝ፤ በጥፊም ቀመስሁ። ወፍ ነገረች ተብሎ ወሰዱት። ‹ለማን እንዳዋስኸው ንገራቸውና ዳን› ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ምን አለኝ መሰልዎ? ‹ልብስ አውሼ ሰው አላሲዝም፤ ሙሽራ ነው፣ ጫጉላው አልወጣም› አለኝ። በአንዲት ጥይት ገደሉት።»

«ሦስት አይደለም?» ልል አፌን ከፈትሁ፤ ዘጋሁት።

«አንዲት» አሉ፣ እንደ ሰሙኝ ሁሉ። «ከሳምንት በኋላ ካፖርቱን ደጄ ላይ ተጣጥፎ አገኘሁት። ላምባ ላምባ ይሸት ነበር። ሙሽራው ማን እንደ ሆነ አውቃለሁ። እህሉን የወሰዱበት ገበሬ ነው፤ ለምን እንዳቃጠለም አውቃለሁ። ወንድሜ ያልተናገረውን እኔ አልናገርም፤ ሙሽራውም ዛሬ አፈር ሆኗል። ማልቀስ ተከልክሎ ነበር፤ ውኃ ስቀዳ ለራሴ ብቻ እንዲህ እል ነበር፦

ወፊቱ ነገረች ልብስ ብቻ አይታ፣
ካፖርቱ ተረፈ ሞተ የልብስ ጌታ።»

ተኩሱ ቀስ በቀስ ወደ ወንዙ ወረደ። እኔ ግን የምሰማው ሌላ ድምፅ ነበር። አንድ ጢማቸው የረዘመ ሽማግሌ፣ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘንብለው፣ እርጥብ ሸማቸው እየሸተተኝ፣ «ፊቱን አይተሃል ወይ፣ ልጄ? በልብስ አይመሰከርም» ይሉኛል። አውጫጭኙ ሜዳ ላይ ነው። ይህችን ጥያቄ የት አድርጌያት ነበር? በስተኋላ የአያ ቢሻው ጩኸት አለ። ሽማግሌው ለምን በልብስ አይመሰከርም እንዳሉ ዛሬ ገባኝ፤ ካፖርቱ ከገላ ገላ እንደሚዞር ያገሩ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። እኔ ብቻ አላውቅም፤ የሦስት ወር እንግዳ ነበርሁ። ለሽማግሌውም «አይቻለሁ» አልኋቸው። የመለስሁት ወዲያው ነው፤ ጥያቄው ሳያልቅ እጁን ቀድሞ እንደሚያወጣ ጎበዝ ተማሪ። ያ ፊት፣ ዛፉ ጋ የዞረው፣ እሳቱ ያበራው፣ በየሌሊቱ ያየሁት ፊት፣ ከዚያች ቃል በኋላ የተሳለ ነው። ቃሌን እንዲያጸናልኝ እኔው ሣልሁት። ወይስ ይህንንም አሁን እየፈጠርሁት ነው? ወይዘሮ ስመኝ አጠገቤ ሲተነፍሱ ይህን ለመመርመር ጊዜ አልነበረኝም።

«ጽፈው ይስቀሉልኝ» አሉ። «በሩ ላይ ይስቀሉት፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ እንዲያየው። ወፊቱ በሕይወት ካለች አንድ ቀን ታልፋለች።»

«ካለፈችስ በምን ያውቋታል?»

«አውቃታለሁ።»

ካርቶን ቆረጥሁ፤ እስክሪብቶ አነሣሁ። እጄ ከሚገባው በላይ ረጋ ያለ ነበር። በመዝጊያው ሥር በምትገባው ጭላንጭል ጻፍሁ። ስጨርስ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ፤ አነበብሁ።

«‹ሰማያዊ ካፖርት። የናስ ቁልፍ ያለው። ባለቤቱ ጌጡ፣ የሞጣ ወፍጮ ሠራተኛ። ሳያጠፋ ተገደለ።›»

  ወይዘሮ ስመኝ ሳጥኑን ተደግፈው ተነሡ፤ መዝጊያውን በሁለት እጃቸው ወደ ላይ ገፉት፤ የከሰዓቱ ብርሃን ሱቁን ሞላው። ካፖርቱን ዘርግተው ያዙት። አመድማ ነበር።

«ቀለሙ ለቆ ይሆናል» አልሁ።

ኮሌታውን ገለበጡት። ፀሐይ ነክቶት በማያውቀው ስፌት ሥር ያለው ሱፍም አመድማ ነበር፤ ጥርት ያለ የአመድ ቀለም።

«ቀለሙን እኔ ነገርሁህ?»

እስከዚያች ሰዓት «እርስዎ» ነበርሁ። በዚያች «ህ» ወደቅሁ።

«አልነገሩኝም።»

«ሞጣ ውስጥ ይህን ካፖርት ሰማያዊ ያለው ሰው የለም። ሽማግሌው ‹ሰማያዊ› ሲሉ ሜዳው ሁሉ ‹እንዴ?› አለ፤ አልሰማህም? የከተማው ሰው ቢሆን አመድማ ይል ነበር። የከተማው ሰው ቢሆን ካፖርቱን አይቶ ‹ዛሬ ደግሞ ማን ተውሶት ይሆን?› ነበር የሚል። በጭስ ውስጥ ያየው፣ እንግዳ የሆነ፣ ሰማያዊ አለው። አርባ ምናምን ዓመት ቀለም የሚሳሳት ሰው ስፈልግ ኖርሁ።» ካፖርቱን ወደ ደረታቸው መለሱ። «በመኪና አልፌያለሁ አልኸኝ።»

«አስተማሪ ነበርሁ።»

«አፍሮ የነበረህ።»

«አዎ።»

«ወንድሜ ይወድህ ነበር። ባሕር ያስተምረኛል ይል ነበር።»

ወለሉን አየሁ። ጸጉር አስተካካዩ በሩን ሲከፍት፣ አንድ ሰው በመንገዱ ላይ «ሁለት ሰው ወድቋል፣ ከድልድዩ ወዲህ» እያለ ሲሮጥ ይሰማ ነበር።

«ፊቱን አይተኸዋል?» አሉኝ።

ለዚህች ጥያቄ ስዘጋጅ ነው የኖርሁት፤ መልሱም ከምላሴ ጫፍ አልተለየም ነበር። ጠበቃዬ ተነሥቶ ቆመ። ጌጡ እንደ ወትሮው ዛፉ ጋ ደረሰ፤ ጭሱ ነፈሰ። አልዞረም።

«አላየሁም» አልሁ። «ጀርባውን ነው ያየሁት።»

«እሺ። ልበሰው።»

«እትዬ...»

«ልበሰው አልሁህ!»

ለበስሁት። ትከሻው ጠበበኝ፤ ካፖርቱ እርጥብና ከባድ ነበር፤ የላምባው ሽታ በአንገቴ ዙሪያ ወጣ። አምስቱን ቁልፎች እሳቸው ራሳቸው ቆለፉልኝ፤ ከታች ወደ ላይ፣ ልጅ ትምህርት ቤት እንደሚልኩ። ስድስተኛው ቦታ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ትንሽ ቆመ።

«ወደ በሩ ሂድ። እስክጠራህ አትዙር።»

ሄድሁ። ሱቄ ስድስት እርምጃ አትሞላም፤ ያን ቀን ረዘመች። ሰዓቷን፣ የእግር መኪናዋን፣ ዝናሩን እያለፍሁ ሄድሁ፤ በእጄ ጽሑፍ የተሞሉት ካርቶኖች በነፋሱ ይወዛወዛሉ። በሩ ላይ ደረስሁ። መንገዱ ባዶ ነው፤ ከገበያው በኩል ቀጭን ጭስ ይወጣል፤ ጸጉር አስተካካዩ መላጫውን በእጁ እንደ ያዘ አፉን ከፍቶ ያየኛል። ከኋላዬ አሮጊቷ ምን እንደሚያዩ አውቃለሁ። እኔ ያየሁትን ነው። ከጭስ ፊት ለፊት፣ ረጅም ካፖርት የለበሰ ጀርባ።

«ጌጡ!» አሉ።

ዞርሁ።

ፊቴን አዩት፤ እስኪበቃቸው አዩት። የጠበቅሁት ጩኸት ነበር፣ እርግማን ነበር። ድምፃቸው ግን እንደ ደከመ ሰው ዝቅ ያለ ነበር።

«አየህ» አሉኝ፤ «መጥራት ብቻ ነበር።»